የመሸበት እንግዳ

ትልልቅ ሆቴሎች በእንግዶቻቸው ስም መነገድ ይወዳሉ። የኢስታንቡሉ ፔራ ፓላስ 411 ቁጥር ክፍሉን «የአጋታ ክሪስቲ ክፍል» እያለ ያከራያል። የሲንጋፖሩ ራፍልስ እነ ሶመርሴት ሞምን በክፍል ስምነት አስቀርቷቸዋል። የለንደኑ ሳቮይ ደግሞ «ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ የቴምዝን ወንዝ ከእኔ መስኮት ሆኖ ነው የሳለው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። አልጋ መቼም አልጋ ነው። ዋጋውን የሚሰቅለው «ከናንተ በፊት ማን ተኛበት?» የሚለው ወሬ ነው።

አዲስ አበባም ብትጠየቅ የምታወጣው ስም አታጣም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በ1930 ለንግሥ በዓሉ፣ በ1935 ደግሞ ለጦርነቱ ዘገባ መጥቶ ነበር። ከዚያ በ1938 ባሳተመው «ስኩፕ» በተባለ ልቦለዱ የውጭ ጋዜጠኞች የሚታጨቁበትን ሆቴል የምር መሳለቂያ አደረገው። (በነገራችን ላይ፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። የምተርከው ታሪክ የሚቆጠረው በሸክላ ሽፋንና በፓስፖርት ማኅተም ስለሆነ ነው።)

እኔ ግን ከእንግዳ ዝርዝር ጋር ችግር አለብኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከዳታቤዝ ጋር ነው የምውለው። የሆቴል ሲስተም የሚያውቀው ስሙን አስመዝግቦ ቁልፍ የወሰደን ሰው ብቻ ነው። ቁልፍ ያልወሰደ ሰው፣ ለሲስተሙ፣ እዚያ አላደረም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሌሊቶች ነበሩ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ብዙ ሰው ያደረባቸው፣ ቁልፍ ግን ያልተሰጠባቸው። ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለነዚያ ሌሊቶች ነው።

መጀመሪያ ግን «ማደር» ስለሚለው ነገር ትንሽ።

እዚህ አገር መንገደኛ ሲመሽበት ያገኘው ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይል ነበር። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ»። እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቀርብለታል፣ ይተኛል፣ ጠዋት መርቆ ይሄዳል። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ የገጠማቸው ችግር ታዲያ የገበያ ችግር ብቻ አልነበረም። እንደሚባለው ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ በልቶ ሒሳብ መክፈል ለሰዉ ግራ ስላጋባው የሚመጣ ጠፋ፤ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ። ታሪኩ በአፍ ሲዞር ቅባት ሳይጨመርበት አልቀረም። ቢሆንም ደስ ይለኛል፤ ንጉሠ ነገሥት ሒሳብ አምጡ ሲሉ ማሰብ በራሱ ደስ ይላል። የጣይቱ ሆቴል እስከዛሬ አለ። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ክፉኛ ጎድቶት ነበር፤ እዚያው ግቢ የነበረው የሙዚቃ ቤት፣ ጃዛምባም፣ አብሮ ተቃጠለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያው ያለው ፒያሳ ሲፈርስ እሱ ቆሞ ቀረ።

ሂልተን የመጣው ከጣይቱ ሆቴል ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው፤ በ1969። በመሃል ከተማዋ የአፍሪካ መዲና ሆናለች። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 እዚሁ ተመሥርተዋል። ስብሰባ ካለ ተሰብሳቢ አለ፤ ተሰብሳቢ ካለ ደግሞ ሙቅ ውኃና ስልክ ያለው ክፍል ይፈልጋል። ሕንፃው ከአሜሪካ የመጣ ስም ቢይዝም ላሊበላን ለመምሰል ይጥራል፤ የመዋኛ ገንዳው የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ቅርጽ ይዟል። የገንዳው ውኃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ፍል ውኃ ነው። ጣይቱን ከእንጦጦ አስወርዶ እዚህ ሜዳ ላይ ቤት ያሠራቸው ፍል ውኃ አልነበር? ከተማዋ የተቆረቆረችበት ውኃ ውስጥ ዲፕሎማቶች ሲዋኙ ማለት ነው። ማን እንዳሰበው ባላውቅም ጎበዝ ነው።

ቦታውን ልብ በሉልኝ። ሂልተን በሁለት ቤተ መንግሥቶች መሃል ነው። ሽቅብ የምኒልክ ግቢ፣ ቁልቁል ኢዮቤልዩ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ታሪክ የተሠራው በአብዛኛው በዚያች አንድ መንገድ ላይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በኖቬምበር 1973 ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጣ። አስተናጋጁ ወጣቱ ሙላቱ አስታጥቄ ነበር። ጃንሆይ ኒሻን ሸለሙት። ፎቶዎቹ ላይ ሁሉም ነገር የተረጋጋ ይመስላል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግን ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ እንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን አሳይቷል፤ ዓለም ከተማዋ የደበቀችውን ነገር ማየት ጀምሯል። ኤሊንግተን በቀጣዩ ሜይ ሞተ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ።

ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ።

የእኔ ትውልድ ሰዓት እላፊን የሚያውቀው በቀናትና በሳምንታት ነው። ይሄኛው ግን ለዓመታት የቆየ ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት መንገድ ላይ መገኘት ወንጀል ነበር። በተለይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም ወንጀል ማለት ምን ማለት እንደነበር እናትና አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ የእኔዎቹ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አሁንም አልተዉም። ጠዋት በር ሲከፈት ደጃፍ ላይ የሚገኘው ነገር፣ ሬሳ ለመውሰድ የሚከፈል የጥይት ዋጋ፣ ይሄ ሁሉ የተጻፈ ነው፤ እኔ አልደግመውም።

ሂልተን ግን አልተዘጋም። ንብረቱ የመንግሥት ሲሆንም ስሙና አሠራሩ የሂልተን እንደሆነ ቀጠለ። ሶሻሊስት መንግሥትም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገዋል፣ የውጭ እንግዳም የሚያርፍበት ያስፈልገዋል። ማታ ማታ ደግሞ ሙዚቃ ነበረ። ሙዚቃውን የሚጫወቱት ዋልያስ ባንድ ነበሩ።

ዋልያሶች የተሰባሰቡት ከቬኑስ የምሽት ክበብ ነው። በዚያን ጊዜ የክበብ ሙዚቀኛ ማለት ተቀጣሪ ነው፤ ኦርጋኑም፣ ድራሙም፣ ድምፅ ማጉያውም የባለቤቱ ነው። ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ሙዚቀኛ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። እነዚህ ልጆች ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ቀላል አይደለም። መሣሪያው የራስህ ከሆነ ውል ትዋዋላለህ፣ ካልተስማማህ ጭነህ ትሄዳለህ። ዛሬ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ለራሱ የሚሠራ ጓደኛ ያላችሁ ሰዎች ልዩነቱ ይገባችኋል። በዚህ መንገድ ነው ከተማዋ ውስጥ አለ የተባለው መድረክ ላይ፣ ሂልተን፣ ለዓመታት የቆዩት።

ኦርጋን ላይ ኃይሉ መርጊያ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ አዲስ አበባ አድጎ፣ በልጅነቱ የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገብቶ የወጣ ልጅ፤ መጀመሪያ እጁን ያፍታታው በአኮርዲዮን ነው። ፒያኖና ቅንብሩን ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዝ ጊታሩን መላኩ ገብሬ፣ ትራምፔቱን ዮሐንስ ተኮላ፣ ድራሙን ተማረ ኃረጉ ይዘውታል።

አሁን ሌሊቱን አስቡት። ሰው ሂልተን ይመጣል፤ እራት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ አሁኑኑ ሮጦ ቤቱ መግባት፣ ወይም እስኪነጋ እዚያው መቆየት። ሦስተኛ የለም። ስለዚህ የቀረ ሰው አደረ ማለት ነው። አልጋ ሳይይዝ፣ ቁልፍ ሳይወስድ፣ ጫማውን ሳያወልቅ። ሁሉም የመሸበት እንግዳ ነው። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ግን የለም፤ የሂልተን ነው፣ ሒሳብ አለው።

ለባንዱ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። በሌላ አገር የሆቴል ባንድ ሁለት ሦስት ሰዓት ተጫውቶ መሣሪያውን ይሸፍናል። እዚህ አድማጩ መሄጃ የለውም፣ ተጫዋቹም መሄጃ የለውም። አንድ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ከሆነ እስከ ንጋት ስንት ዘፈን ነው? ማንም ያን ያህል አያውቅም። ስለዚህ ዘፈኑን ማርዘም፣ ዜማውን መገልበጥ፣ ሳክስፎኑ የሚለውን ኦርጋኑ እንዲመልስለት ማድረግ፣ የድሮውን ዜማ ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ መጫወት። ዛሬ «ኢትዮ ግሩቭ» እያሉ ፈረንጆች የሚያበዱለት ያ የሚጎተት፣ የማይቸኩል፣ ክብ እየሠራ የሚመለስ ድምፅ የት እንደሠለጠነ ስትጠይቁኝ፣ እኔ ሰዓት እላፊው ውስጥ ነው እላለሁ። ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ የሙዚቃ ተማሪዎች ይከራከሩኝ።

ሌላም ነገር አለ። ግጥም ያለው ዘፈን ሳንሱር ያልፋል፤ አንድ ስንኝ ሁለት ትርጉም ያለው ከመሰለ ያስጠይቃል። የእኛ ግጥም ደግሞ ሰምና ወርቅ ሳይኖረው አያውቅም። ኦርጋን ግን ምን አለ ተብሎ ይጠየቃል? ቃል የሌለውን ነገር ማን ይሰርዘዋል?

በ1977 ዋልያሶች ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሆነው አንድ ሸክላ አስቀረጹ፤ ካይፋ ሪከርድስ አሳተመው። «ቼ በለው» ይባላል። ሙሉው በመሣሪያ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው ዜማ እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ስሙን ባታውቁት እንኳ አንዴ ሲጀምር ታውቁታላችሁ። ዛሬ የድሮው ሸክላ ለሰብሳቢዎች ብርቅ ነው። እኔ ሌሊት ኮድ ስጽፍ በጆሮዬ የምሰካው እሱን ነው፤ ለብዙ ጊዜም ደስተኛ ሰዎች በደስታ ዘመን የሠሩት ነገር አድርጌ ነበር የምሰማው። ዓመቱን ከሌሎቹ ዓመቶች ጎን ሳስቀምጠው ነው የቀዘቀዝኩት። 1977 ቀይ ሽብር ነው። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ፣ ከሂልተን ሽቅብ ባለው ግቢ ውስጥ፣ የደርጉ ሊቀ መንበር ተፈሪ በንቲ ከነባልደረቦቻቸው ተገደሉ። ከባንዱ መድረክ ያ ግቢ በእግር የሚደረስበት ነው።

እዚህ ላይ የሚያስቸግር ጥያቄ አለ፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። ውጭ ሰው እየተገደለ ውስጥ የሚጨፍረው ማነው? ሂልተን ለሁሉም አልነበረም። ለመግባት ገንዘብ፣ ልብስና ድፍረት ይጠይቃል። ዲፕሎማቱ ነበረ፣ የረድኤት ሠራተኛው ነበረ፣ ነጋዴው ነበረ፣ የዘመኑ ባለሥልጣንም አይጠፋም። ገዳይና ሊገደል ያለ ሰው በአንድ ዜማ ጨፍረው ይሆናል። አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ ሙዚቃው ይቆሽሽበታል። ለእኔ አልቆሸሸም። ሙዚቀኛው የሚኖርበትን ዘመን አይመርጥም፣ ደሞዙን ይፈልጋል፣ ልጆች አሉት። ሃያ ምናምን ዓመት የሆነው ሰው ደግሞ በየትኛውም ዘመን ቢሆን መጨፈሩን አይተውም። ይልቅ የሚያሳዝነኝ ጠዋቱ ነው። ሲነጋ በሩ ይከፈታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ወደየሰፈራቸው ይሄዳሉ። ስልክ የለም፣ መልእክት የለም። የጎረቤት ፊት አይቶ ነው የሚታወቀው።

ሂልተን ብቻውን አልነበረም። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ባለው ራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድ ነበረ፤ ማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ያስዘፈኑት እነሱ ናቸው፣ ኋላ ሮሃ ባንድ የሆኑት። ግዮን ሆቴል ደግሞ ዳህላክ ባንድ። የግዮኑ አድማጭ ከሂልተኑ ወጣትና የአገር ልጅ የበዛበት ነበር። ኃይሉ መርጊያ የሂልተን ሥራውን ሳይለቅ ከዳህላኮች ጋር በ1978 «ወደ ሐረር ጉዞ» የሚለውን ካሴት ሠራ፤ የተቀረጸውም እዚያው ግዮን ነው። አዳምጡት፤ ከ«ቼ በለው» ይልቅ ላብ አለው። ማለት የምፈልገው፣ የዚያን ዘመን የከተማችን ሙዚቃ በአብዛኛው የተሠራው በሆቴል አዳራሽ ነው። ስቱዲዮውም፣ ልምምዱም፣ አድማጩም እዚያ ነው። ሆቴሎቹን ከታሪኩ ብታወጧቸው ካሴቱ ባዶ ነው።

በ1981 ዋልያሶች ከማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካ ሄዱ። ከኢትዮጵያ ተነስቶ አሜሪካን የዞረ የመጀመሪያው ዘመናዊ ባንድ ይባላሉ። አድማጩ በአብዛኛው ስደተኛ ሐበሻ ነበር፤ ሂልተን ውስጥ አብረዋቸው ያነጉ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ እንደሚኖሩ ለመገመት አይከብድም። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ተከፈለ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ኃረጉ ተመለሱ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላኩ ቀሩ። ዋሽንግተን ላይ ዙላ የሚባል ባንድ አቋቋሙ፤ ብዙም አልቆየም።

ግርማ በየነ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ራቀ። ስንት ዘፈን ያቀናበረ ሰው! በኋላ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባሉ የፈረንሳይ ልጆች ጋር ሸክላ አወጣ።

ኃይሉ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ ነበር። አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድራም ማሽኑን እየደራረበ አንድ ካሴት ሠራ። ሙሉ ባንድ አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ካሴቱ አገር ቤት ተሰማ፤ ኑሮ ግን በካሴት አይገፋም። ከዚያ ታክሲ ጀመረ። የሚሠራው ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ኪቦርዱን የመኪናው ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ይይዛል። የታክሲ ወረፋ ረጅም ነው፤ ተራው እስኪደርስ አውጥቶ ይለማመዳል።

ኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር አንድ ካሴት ገዛ። «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚል አሳታሚ ድርጅት ያለው፣ ሥራው አሮጌ ካሴት መፈለግ የሆነ ሰው ነው። ሰማው፣ የኃይሉን ስልክ ፈልጎ አገኘ፣ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 በሸክላ ታተመ፤ በ60ዎቹ መጨረሻ ዕድሜው ኃይሉ እንደገና አውሮፓና አሜሪካ መድረክ ላይ ወጣ። በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

ከስልኩ በፊት የነበሩትን ዓመታት ግን ደጋግሜ አስባቸዋለሁ። ከአውሮፕላን የወረደ፣ የደከመው መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ታክሲው ውስጥ ይገባል፤ «የት ልውሰድዎት?» ሲባል የሆቴል ስም ይናገራል። ሹፌሩ ያደርሰዋል፣ በሩን ይከፍትለታል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመልሶ ወረፋ ይይዝና ኪቦርዱን ያወጣል።